ለሦስት ዓመት የመጡ ሐኪሞች

በኢትዮጵያ ምድር አንዲት ሴት በምጥ የተያዘች እንደ ሆነ ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም፣ ማርያም» እያለ ይለምንላታል፤ በደኅና በተገላገለችም ጊዜ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ እልልታው ይሰማል። ነገር ግን ከሞት ተርፋ ሳለች ይህን ቃል የሚላት ያጣች፣ ከአራስ ቤት ከወጣች በኋላም ወደ ሰው መካከል መግባት ያፈረች ወላድ በየአገሩ ነበረች፤ ዛሬም ጨርሳ አልጠፋችም። የዚህች ሴት በሽታ ምን እንደ ሆነ፣ መድኃኒቱም በስንት ሰው እጅ አልፎ ወደ አዲስ አበባ እንደ ደረሰ፣ ለሦስት ዓመት ተዋውለው የመጡ ሁለት ሐኪሞችም ስለ እርስዋ ሲሉ ዕድሜያቸውን ሁሉ በዚህ አገር እንዴት እንደ ፈጸሙ ማወቅ ይገባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕፃኑ ራስ በእናቲቱ የዳሌ አጥንት መካከል ሊያልፍ ያልቻለ እንደ ሆነ ምጡ አንድና ሁለት ቀን አልፎ ሦስትና አራት ቀን ይቆያል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሕፃኑ ራስ በስተፊት ያለውን የፊኛ ግድግዳ፣ አንዳንድ ጊዜም በስተኋላ ያለውን የሰገራ መውረጃ ከአጥንቱ ጋር አጣብቆ ስለሚጫነው ደም ወደዚያ ሥጋ መድረሱ ይቀራል፤ ደም ያልደረሰውም ሥጋ ይሞታል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ ገና በማሕፀን ሳለ ይሞታል። ከጥቂት ቀን በኋላ የሞተው ሥጋ ተቈርሶ ሲወድቅ በቦታው ቀዳዳ ይቀራል፤ በዚያም ቀዳዳ ሽንት ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይፈስሳል። ሐኪሞች ፊስቱላ የሚሉት ይህንን ነው። እንግዲህ ሴቲቱ በአንድ ምጥ ሁለት ጉዳት ታገኛለች፤ ልጅዋን ቀብራ ስትመለስ ሰውነቷም ለራስዋ የማይታዘዝ ሆኖ ይቈያታል። ብልሃት ያላት አዋላጅ በጊዜ ብታያትና ሆድ ቀዶ ሕፃኑን የሚያወጣ ሐኪም ወዳለበት ብትልካት ግን ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

አንዳንድ ሰዎች የዚህን በሽታ ምክንያት ሁሉ በልጅነት በመዳር ላይ ብቻ ያሳርፉታል። አካሏ ያልጠናውን ልጅ መዳር ጉዳቱን እንደሚያበዛው አይካድም። ነገር ግን ሦስትና አራት ልጅ በደኅና ወልዳ በአምስተኛው የተጎዳች ሴትም ትገኛለች። ዋናው ምክንያት የምጥ መጥናትና የረዳት መጥፋት ነው፤ ይኸውም የመንገድ፣ የሐኪምና የአዋላጅ ጕዳይ እንጂ የሴቲቱ ወይም የቤተ ሰቧ ኀጢአት ብቻ አይደለም። ይህን ለይቶ ማወቅ የሚያስፈልገው፣ ምክንያቱን በሴቲቱ ላይ የጣለ ሰው መድኃኒቱንም ከእርስዋ ስለሚጠብቅ ነው።

በመንደሯ የሚደርስባትን መናገር ያሳዝናል። ባልዋ ጥቂት ጊዜ ታግሦ ወደ ወላጆችዋ ይመልሳታል፤ ወላጆችዋም ሽታውን መታገሥ ቢያቅታቸው ከቤት አጠገብ ትንሽ ጎጆ ይቀልሱላታል። ሽንቱ ያቃጥላታልና ብዙ እንዳይወርድባት ውኃ መጠጣት ትተዋለች፤ ይህም ሽንቱን የባሰ የሚያቃጥል ያደርገዋል። እግርዋን አጥፋ ብዙ ዘመን ከመተኛቷ የተነሣ መራመድ የተሳናትም አለች። በቤተ ክርስቲያንም ማንም ባይከለክላት እርስዋው ራስዋ አፍራ ከቅጽሩ ውጭ ቆማ ተሳልማ ትመለሳለች። በወንጌል እንደ ተጻፈው ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት ከሕዝቡ በስተኋላ መጥታ የልብሱን ጫፍ በስውር ነካች እንጂ ፊት ለፊት ለመቅረብ አልደፈረችም። ካህናት ይህን ታሪክ ሲያነቡ ከቅጽሩ ውጭ የቆመችውን ወላድ ያሰቡ ስንቶች ይሆኑ?

በሽታው አዲስ አይደለም። በግብፅ አገር የዐሥራ አንደኛው ሥርወ መንግሥት ንጉሥ መንቱሆቴፕ በነገሠበት ዘመን፣ ይኸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት 2050 ዓመት ገደማ፣ ሄንሄኒት የምትባል የቤተ መንግሥት ሴት ነበረች። ሬሳዋ በመድኃኒት ደርቆ እስከ ዘመናችን ስለ ቆየ የካይሮ ሐኪሞች መረመሩት፤ በዚያም በፊኛዋ ላይ ታላቅ ቀዳዳ መኖሩን በ1935 ዓ.ም. አስታወቁ (በዚህ ጽሕፈት የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፈ ነው)። የንጉሥ ቤተ ሰብ መሆን ከዚህ አላዳናትም። ከእርስዋም በኋላ ለአራት ሺህ ዓመት ያህል መድኃኒቱን በርግጥ ያገኘ ሐኪም አልነበረም።

መድኃኒቱ የተገኘበት ታሪክ ደግሞ ደስታና ኀፍረት የተቀላቀለበት ነው። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ ማሪዮን ሲምስ የሚባል ሐኪም ነበር። እርሱም ከ1845 እስከ 1849 ዓ.ም. ድረስ በቤቱ ግቢ በሠራው ትንሽ ሆስፒታል ፊስቱላ ያለባቸውን ጥቍር ባሪያ ሴቶች ሰብስቦ ቀዶ ጥገና ይሞክርባቸው ነበር። ከእነርሱም ስማቸው የታወቀው የሦስቱ፣ የአናርካ፣ የሉሲና የቤትሲ ብቻ ነው። ፈቃድ የተጠየቁት ጌቶቻቸው ናቸው እንጂ እነርሱ አይደሉም። የኤተር ማደንዘዣ በ1846 ዓ.ም. ቢታወቅም ለእነርሱ አልተሰጣቸውም። አናርካ ብቻዋን ሠላሳ ጊዜ ያህል ተቀድዳለች፤ ከዚያም በኋላ ሲምስ በብር ሽቦ የሰፋው ስፌት ያዘ፤ ቀዳዳውም ተደፈነ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሌሎች ነጮች ሐኪሞች ነገሩ ተስፋ የለውም ብለው ትተውት ሄደው ስለ ነበር፣ ሲምስ እነዚያኑ በሽተኞች ሴቶች አስተምሮ አንዷ ስትቀደድ ሌሎቹ እንዲይዟትና መሣሪያ እንዲያቀብሉት ያደርግ ነበር። የዓለም ሐኪሞች ሁሉ የሚጠቀሙበትን ጥበብ በመጀመሪያ አይተው ያወቁት ረዳቶች እንግዲህ ታማሚዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ስማቸው ግን በሕክምና መጻሕፍት ላይ ለመቶ ዓመትና ከዚያም በላይ አልተነሣም።

ሲምስ ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ በ1855 ዓ.ም. የሴቶች ሆስፒታል አቋቋመ፤ ዝናውም በአውሮፓ ነገሥታት አደባባይ ሳይቀር ተሰማ፤ ከሞተም በኋላ ሐውልት ቆመለት። ሐውልቱ በኒው ዮርክ ከሚገኘው ሴንትራል ፓርክ በ2018 ዓ.ም. ተነሥቷል፤ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ በሞንትጎመሪ ለሦስቱ ሴቶች መታሰቢያ ቆሟል። በአሜሪካና በአውሮፓ ሆድን ቀዶ የማዋለድ ሥራ እየተስፋፋና አዋላጆች እየበዙ ሲሄዱ ፊስቱላ ከዚያ አገር ጠፋ ማለት ይቻላል፤ ያ የሴቶች ሆስፒታል በአንድ ወቅት የነበረበት ቦታም በኋላ ዋልዶርፍ አስቶሪያ የተባለው ታላቅ ሆቴል ተሠራበት። ነገር ግን በሽታው ከሀብታሞች አገር ሲጠፋ ሕክምናውን የሚያውቁት ሐኪሞችም አብረው ጠፉ። በሃያኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ላይ በአውሮፓ ተምሮ የወጣ ሐኪም ፊስቱላን በመጽሐፍ ቢያነብ ነው እንጂ በዓይኑ አያየውም ነበር።

ጥበቡ ሳይረሳ ከቈየባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ካይሮ ነው። በዚያ በቀስር አል ዐይኒ የሕክምና ትምህርት ቤት ያስተማሩት ነጂብ ማሕፉዝ ፓሻ በ1882 ዓ.ም. የተወለዱ ቅብጣዊ ክርስቲያን ነበሩ። ከአባይ ሸለቆ መንደሮች የሚመጡላቸውን ፊስቱላ ያለባቸውን ሴቶች ለብዙ ዓመታት በቀዶ ጥገና ሲያድኑ ኖሩ፤ የሠሩትንም በሥዕልና በጽሑፍ አኖሩ፤ በ1949 ዓ.ም. የታተመው ባለ ሦስት ቅጽ የሥዕል መጽሐፋቸውም ታዋቂ ነው። በ1911 ዓ.ም. በጭንቅ ያዋለዱት አንድ ሕፃን በእርሳቸው ስም ተጠራ፤ ያም ሕፃን ካደገ በኋላ በ1988 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ያገኘው ደራሲ ነጂብ ማሕፉዝ ነው። ከግብፅ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የኖረው ጳጳስ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህንን ደግሞ ይጨምርበት፤ በአዲስ አበባ የተሰፋው የፊስቱላ ስፌት ከዚህ ቅብጣዊ ሐኪም ትምህርት የተወሰደ ነውና።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ እንመለስ። የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ከአባታቸው ጋር በስደት በእንግሊዝ አገር በነበሩ ጊዜ በሎንዶን በሕፃናት ሆስፒታል የአስታማሚነት ትምህርት ተምረው ተመረቁ። ጠላት ከወጣ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1942 ዓ.ም. አግብተው ወደ ለቀምት ወረዱ፤ በዚያውም ዓመት በነሐሴ ወር ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅና የተማሩ አስታማሚ ሳሉ የሚያድናቸው ባጡበት አገር፣ በየሸለቆው ያለችው ገበሬ ሴት ምን ያህል ተስፋ እንደ ነበራት መገመት አያስቸግርም። ስለ ልዕልቲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራ በእንግሊዝ አገር ገንዘብ በማሰባሰብ የደከሙት ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው፤ እኒህም ወይዘሮ በኋላ አዲስ አበባ ገብተው ኖረው በ1960 ዓ.ም. ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል። ሆስፒታሉም በ1951 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው ነው።

በወሊድ ምክንያት በሞቱት ልዕልት ስም በተጠራው በዚህ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊቋቋም በታሰበ ጊዜ መንግሥት በ1958 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሐኪሞች ጋዜጣ ላይ የማሕፀንና የወሊድ ሐኪም እንደሚፈልግ አስነገረ። ማስታወቂያውን አይተው የመለሱት በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ ክራውን ስትሪት በተባለው የሴቶች ሆስፒታል የሚሠሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን በ1908 ዓ.ም. በኒው ዚላንድ የተወለዱ ናቸው፤ ሚስቲቱ ዶክተር ካትሪን በ1924 ዓ.ም. በሲድኒ ተወልደው በ1946 ዓ.ም. ከሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀዋል፤ የተጋቡትም በ1950 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም እምነታቸው የጸና የአንግሊካን ክርስቲያኖች ነበሩ። ከስድስት ዓመት ልጃቸው ጋር በ1959 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ውላቸው የሦስት ዓመት ነው፤ ሥራቸውም አዋላጆችን ማስተማር ነው። በደመወዝ እንደ መጡ መሰወር አይገባም፤ በፈቃድ ማገልገላቸው የተጀመረው ውሉ ባለቀ ጊዜ ነው።

በመጡበት ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባ፣ እነዚህን የፊስቱላ ሴቶች ስታዩ ልባችሁ ይሰበራል ብሎ አስጠንቅቋቸው ነበር። እነርሱ ግን ያን ጊዜ ፊስቱላ ያለባት አንዲት ሴት እንኳ አይተው አያውቁም ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ከሩቅ አገር በእግርም በአውቶቡስም የመጡ ሴቶች በሆስፒታሉ በር ላይ መታየት ጀመሩ፤ አንዳንዶቹም የመጓጓዣ ገንዘብ ለምነው፣ በአውቶቡስም ሽታቸውን የጠላ ተሳፋሪ አስወርዷቸው የመጡ ነበሩ። ሐኪሞቹ የነጂብ ማሕፉዝንና ይህን ሕክምና የሚያውቁ የሌሎች ሐኪሞችን ጽሑፍና ሥዕል ፈልገው አጠኑ፤ አጥንተውም መቅደድ ጀመሩ። ዕውቀት ያላቸው ሐኪሞች ሆነው ሳሉ እንደ ተማሪ ከፊደሉ መጀመራቸው ከሥራቸው ሁሉ ሊደነቅ የሚገባው ነው። የሚያውቀውን ሊያሳይ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ብዙ ነው፤ የማያውቀውን ሊማር የሚቀመጥ ጥቂት ነው።

ቀዶ ጥገናው ደርቆ የዳነች ሴት ወደ መንደርዋ ስትመለስ በዚያ ያለችውን ሌላይቱን ትልካለች። እንዲህ እያለ የሴቶቹ ቍጥር በዛ። ሌሎች በሽተኞች አጠገባቸው መተኛትን ስለማይወዱ በሆስፒታሉ ግቢ በስተኋላ ለእነርሱ ብቻ ትንሽ ማረፊያ ተሠራላቸው። ዶክተር ሬጂናልድ እነዚህን ሴቶች ተሳላሚዎች እያሉ ይጠሯቸው ነበር፤ ብዙ ወር ተጕዘው የሚመጡ መሆናቸውን ላየ ሰው ስሙ የተገባ ነው። የሦስቱ ዓመት ውል አለቀ። የአዋላጆቹ ትምህርት ቤት ደግሞ ጥቂት አዋላጆችን ካስመረቀ በኋላ ተዘጋ። የመጡበት ጕዳይ በዚህ ተፈጸመ፤ ወደ ሲድኒ መመለስ ይችሉ ነበር፤ የሚይዛቸውም አልነበረም። በበሩ የተቀመጡት ሴቶች ግን አልቀነሱምና አልሄዱም።

ለፊስቱላ ብቻ የተለየ ሆስፒታል ለመሥራት ብዙ ዓመት ገንዘብ ሲለምኑ ኖረው በ1974 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል በወንዝ ዳር ተመሠረተ። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው የወረዱት በዚያው ዓመት ነው፤ ብዙዎችም የውጭ አገር ሰዎች አገሩን ጥለው ሄዱ። ሐኪሞቹ ግን በቀይ ሽብሩም ወራት፣ በጦርነቱም፣ በ1984 ዓ.ም. በደረሰው ታላቅ ረኃብም ጊዜ ከሥራቸው አልተነሡም። በሆስፒታሉ አንዲት በሽተኛ ለሕክምና ገንዘብ አትጠየቅም፤ ድና ስትወጣም አዲስ ቀሚስ ለብሳ ትሸኛለች። የቀሚሱ ዋጋ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመት እርጥብ ጨርቅ ስትለብስ ለኖረች ሴት ደረቅ ልብስ ለብሶ በአደባባይ መሄድ ምን እንደ ሆነ የምታውቀው እርስዋ ናት።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከገጠር ተሸክመው ካመጧቸው ሴቶች አንዲቱ ማሚቱ ጋሼ የምትባል ናት። በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ገደማ በመጀመሪያ ምጧ ልጅዋን አጥታ በከባድ ጉዳት የመጣች፣ ማንበብና መጻፍም ያልተማረች ልጅ ነበረች። ከሕክምናዋ በኋላ ወደ አገርዋ ሳትመለስ በሆስፒታሉ አልጋ ማንጠፍ፣ በሽተኞችን ማጠብ ጀመረች፤ ቀጥላም በቀዶ ጥገናው ክፍል መሣሪያ የምታቀብል ሆነች። ዶክተር ሬጂናልድ እጅዋ የጸና፣ ዓይኗም የሚያስተውል መሆኑን ባዩ ጊዜ ከአጠገባቸው አቁመው ስፌቱን ያስተምሯት ጀመር። ከብዙ ዓመትም በኋላ ራስዋ ቀድዳ የምትሰፋ ሆነች፤ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ሐኪሞች ወደ ሆስፒታሉ ለመማር ሲመጡም እርስዋ ታስተምራቸው ነበር። በ1989 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳይ ሲሸልም፣ የተሸለሙት ሁለቱ ሃምሊኖችና ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ አብረው ናቸው። በአላባማ የአናርካን እጅ ይዘው፣ መሣሪያ ሲያቀብሉ የነበሩት ሴቶች ጥበቡን ተምረው ነበር፤ የሐኪምነት ስም ግን ማንም አልሰጣቸውም። በአዲስ አበባ ለማሚቱ የተሰጣት ከዚያ መቶ አርባ ዓመት ዘግይቶ ነው።

ስለ ውጭ አገር ሐኪሞች አመጣጥ እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት የግድ ነው። በዘመናችን ሁለት ሳምንት ዕረፍት ወስዶ ወደ ድኻ አገር ሄዶ ብዙ ሴቶችን ቀድዶ የሚመለስ ሐኪም አለ፤ ልቡም መልካም ነው። የፊስቱላ ሕክምና ግን ቀዶ ጥገናው ባለቀበት ሰዓት አያልቅም። ስፌቱ እስኪደርቅ ድረስ ሽንት በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ እየወረደ ሁለት ሳምንት ያህል መቈየት አለበት፤ ያ ቱቦ በአንዲት ሌሊት ቢደፈንና የሚያየው ባይኖር ፊኛው ሞልቶ ስፌቱን ይተረትረዋል። የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ለመዳን ከሁሉ የበለጠ ተስፋ ያለው ነው፤ በተበላሸ ቍጥር የሚሰፋው ሥጋ እየጠበበና እየጠነከረ ይሄዳል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተስፋውም ያንሳል። ስለዚህ ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ቱቦውን በሌሊት የምታየው አስታማሚ ማን ናት የሚለው ጥያቄ፣ ሐኪሙ ማን ነው ከሚለው ጥያቄ የሚያንስ አይደለም። በአዲስ አበባው ሆስፒታል ይህን ሲያደርጉ ከኖሩት አስታማሚዎች ብዙዎቹ ቀድሞ ራሳቸው ታማሚዎች የነበሩ ሴቶች ናቸው፤ ቱቦው ሲደፈን የሚሰማውን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰውነታቸው ያውቁታል። እንደ ዶክተር ሙሉ ሙለታና እንደ ዶክተር አምባዬ ወልደ ሚካኤል ያሉ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም በዚህ ሕክምና የታወቁ ሆነዋል። የሃምሊኖች ሥራ ከሁለት ሳምንቱ እንግዳ ሥራ የሚለየው በቈዩበት ዘመን ብዛት ብቻ አይደለም፤ እነርሱ ባይኖሩም ሌሊቱን የሚጠብቅ ሰው በመተዋቸው ጭምር ነው።

ዶክተር ሬጂናልድ በ1993 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ግን ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ቢጠጋም ቀሩ፤ ሲቀድዱም፣ በየአገሩ ዞረው ገንዘብ ሲለምኑም ኖሩ። ከ2005 እስከ 2010 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋ ዓለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፍ ሆስፒታሎች ተከፈቱ፤ በዚህም ሴቲቱ ወደ አዲስ አበባ የምታደርገው ጕዞ አጠረ። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ተሰጣቸው። በመጋቢት 2020 ዓ.ም. በዘጠና ስድስት ዓመታቸው በአዲስ አበባ ሲያርፉ በሆስፒታሎቻቸው የታከሙት ሴቶች ቍጥር ከ60,000 በላይ ነበር። ለሦስት ዓመት የተፈረመው ውል ስድሳ አንድ ዓመት ሆኖ ተፈጸመ።

ይህ ታላቅ ቍጥር የሚያስደስት እንደ ሆነ ሁሉ የሚያስጨንቅም ነው። ስድሳ ሺህ ሴቶች ዳኑ ማለት ስድሳ ሺህ ሴቶች በምጥ ጊዜ ረዳት አጡ ማለት ነው፤ የሞቱት ሕፃናትም በዚያው ልክ ቢቈጠሩ ቍጥሩ ከዚያ ብዙ አይርቅም። በ1958 ዓ.ም. በጋዜጣ ላይ የወጣው ማስታወቂያ የጠየቀው ቀዳዳ የሚደፍን ሐኪም አልነበረም፤ አዋላጆችን የሚያስተምር ነበር። ጠያቂዎቹ ነገሩን ከምንጩ አይተውት ነበር ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ግን ምንጩ እንዳለ ቀረ፤ ከእርሱም የሚወርደው ጎርፍ ለሐኪሞቹ ተተወ። ትምህርት ቤቱ በዚያን ጊዜ ባይዘጋ ኖሮ ስንት ሴት ወደ ወንዝ ዳሩ ሆስፒታል ሳትመጣ በቀረች ነበር? ይህን የሚመልስ የለም። ዶክተር ካትሪን ግን ጥያቄውን የረሱት አይመስልም፤ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው፣ በ2007 ዓ.ም.፣ በስማቸው የተጠራውን የአዋላጆች ኮሌጅ ከፍተዋልና።

የኮሌጁ ቦታ ከአዲስ አበባ ውጭ ደስታ መንደር በተባለው ሥፍራ ነው። ይህ መንደር ከጥቂት ዓመታት በፊት የተሠራው በቀዶ ጥገና ሊድኑ ላልቻሉ ሴቶች ነው፤ ጉዳታቸው እጅግ የከፋ ስለ ሆነ ወደ ሐኪም እየተመላለሱ መኖር የሚያስፈልጋቸው እነዚህ ሴቶች በዚያ ቤት ተሰጥቷቸው ሥራ እየሠሩ እንዲኖሩ ታስቦ ነው። ተማሪዎቹ የሚመረጡት ከየገጠሩ ነው፤ ትምህርቱ አራት ዓመት ነው፤ ከተመረቁም በኋላ ወደ መጡበት አውራጃ ተመልሰው በጤና ጣቢያ ሁለት ሁለት ሆነው ይመደባሉ፤ አንዷ ከአንዲት ምጥ የያዛት ሴት ጋር ወደ ሆስፒታል ብትሄድ ሌላይቱ ለሚመጡት ትቀራለችና። የመጀመሪያዎቹ በ2010 ዓ.ም. ተመረቁ፤ ማስታወቂያው በላንሴት ከወጣ ኀምሳ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።